«በሳምንት 12 ሰዓት ብቻ?»፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የማስተምረው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለ ሥራችን በቡና ላይ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በመምህራን ክበብም ጭምር ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ በክፋት የሚነገሩ አይደሉም። ጉዳታቸው ግን በመምህሩ ላይ አያበቃም፤ ተማሪው ከመምህሩ ምን መጠየቅ እንደሚችል ሳያውቅ ተመርቆ እንዲወጣ ያደርጉታል። ይህን የምጽፈውም በዋናነት ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው።

«መምህሩ 12 ሰዓት አስተምሮ ሳምንቱን ያርፋል»

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛው የማስተማር ጫና በሳምንት 12 ሰዓት መሆኑ እውነት ነው። ይህ ግን መምህሩ ተማሪ ፊት የሚቆምበት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ኮርስ በሁለት ሴክሽን ይሰጣል፣ በእያንዳንዱም 60 ተማሪ አለ እንበል። 120 የመልስ ወረቀት ይሰበሰባል። በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ ያለበትን ወረቀት በጥሞና ለማረም 15 ደቂቃ ብንይዝ፣ አንዱ ፈተና ብቻ 30 ሰዓት ይፈጃል። ተከታታይ ምዘና ሲባል ደግሞ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ አጫጭር ፈተናዎች፣ የግልና የቡድን ሥራዎች፣ በመጨረሻም የማጠቃለያ ፈተና ማለት ነው። መምህሩ የሚይዘው ኮርስም ብዙ ጊዜ ከአንድ ይበልጣል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከዩኒቨርሲቲ የሚጠብቀው ማስተማርን ብቻ ሳይሆን ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትንም ነው። በእነዚህ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር፣ የካሪኩለም ክለሳ፣ የልዩ ልዩ ኮሚቴዎች ስብሰባ ይጨመራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከገባ ወዲህም ብዙ መምህራን ሌላ ከተማ ድረስ እየተመደቡ ይፈትናሉ።

ክረምቱም ቢሆን እንደሚባለው ሙሉ እረፍት አይደለም። ሥራ ላይ ያሉ መምህራን ትምህርታቸውን የሚያሻሽሉበት የክረምት መርሐ ግብር የሚካሄደው በዚያው ወቅት ነው፤ ለምርምር ጽሑፍ ሰፋ ያለ ጊዜ የሚገኘውም ያኔ ነው።

«መምህሩ ኤፍ ሰጠኝ»

ከሁሉም ይበልጥ ሊቀየር ይገባዋል የምለው አመለካከት ይህ ነው። ውጤት ከመምህሩ እጅ የሚቸር ወይም የሚነፈግ ነገር ተደርጎ ይታሰባል። ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቢሮ በር ላይ ሰልፍ ይበዛል፤ አንዳንዱ ተማሪ እናቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። «መምህር፣ እባክዎ ትንሽ ነጥብ ይጨምሩለት፤ ሊመረቅ ነው» ይላሉ። ለመመረቅ ድምር ውጤቱ ከ4.00 ቢያንስ 2.00 መድረስ ስላለበት፣ በአንድ ኮርስ ውጤት ምክንያት ከዚያ በታች የሚቀር ተማሪ አለ። ከሩቅ ገጠር የመጣች እናት ፊት ቁጭ ብሎ «አይቻልም» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ሆኖም ውጤቱ የሚወሰነው በዚያ ቀን አይደለም። አሁን በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ቋሚ ነው፤ ሲ ለማግኘት ከ100 ቢያንስ 50 ያስፈልጋል፣ የክፍል ጓደኞቹ ምንም ያህል ቢያመጡ። ነጥቡ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንሥቶ ሲጠራቀም የቆየ ነው። መምህሩ ያስገባው ውጤት በትምህርት ክፍሉ ታይቶ ይጸድቃል፤ ሬጅስትራር ከደረሰ በኋላ ለማስተካከል የጽሑፍ ማስረጃና የትምህርት ክፍሉ ውሳኔ ይጠይቃል። ወረቀቴ በትክክል አልታረመም ብሎ የሚያምን ተማሪ ወረቀቱን የማየትና ቅሬታ የማቅረብ መብት አለው። ይህን መብት እንዲጠቀምበት አጥብቄ እመክራለሁ። ልመናና ቅሬታ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ቅሬታ የትኛው ጥያቄ፣ ምን መልስ፣ ስንት ነጥብ ብሎ ይነሣል።

ያለ አግባብ የተጨመረ ነጥብ ተማሪውን እንደማይጠቅመው ደግሞ ተመራቂዎች ከመመረቃቸው በፊት የሚወስዱት የመውጫ ፈተና አሳይቷል። ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ማለፊያው 50 በመቶ ነበር፤ ካለፉት ይልቅ የወደቁት በዙ። በየኮርሱ አልፈው እዚያ የደረሱ ልጆች ነበሩ። በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣ እናትና ልጅ በመጀመሪያው ፈተና ማግስት ቢመጡ ኖሮ ስንት ነገር መሥራት በተቻለ!

«የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው»

ይህን አብዝተን የምንናገረው እኛው መምህራኑ ነን። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የማየው ከስንፍና የተለየ ነገር ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ አሥረኛ ክፍል ሳሉ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ የትምህርት ቤት ጣሪያ የተነሣበት፣ ቤተ መጻሕፍት የተቃጠለበት አካባቢ ብዙ ነው። 50 በመቶ ካላመጡት መካከል በማካካሻ ትምህርት፣ ተማሪዎቹ ሬሜዲያል በሚሉት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት እነዚህ ልጆች ናቸው። እነርሱን ሰነፍ ማለት ታሪካቸውን አለማየት ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። ልጁ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳማ አፎ ተምሮ፣ በኋላ ሁሉንም ነገር በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ክፍል ውስጥ ዝም ይላል። ትምህርቱ አልቆ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ወይም በአማርኛ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንዳንዴ በክፍል ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል። ሐሳቡ ሞልቶ የሚያወጣበት ቃል ያጠረው ነው። ለዚህም ነው ከባድ ፅንሰ ሐሳብ ሲመጣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ በየቡድናቸው በፈለጉት ቋንቋ ተነጋግረው መልሱን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ የማደርገው። ዝም የሚሉት ልጆች የሚናገሩት ያኔ ነው።

«አማካሪ ጽሑፉን ያስተካክላል፤ የቀረውን ቻት ጂፒቲ ይጽፈዋል»

የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ የጥናቱ ጥያቄ የጠራ መሆኑን፣ መረጃው ለጥያቄው መልስ መስጠት መቻሉን፣ መደምደሚያው ከመረጃው መውጣቱን ይመረምራል። አረፍተ ነገር ማቃናት ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በኮምፒውተር የተጻፈን ጽሑፍ የሚለዩ ተብለው የሚቀርቡ መሣሪያዎች ስለሚሳሳቱ፣ እነርሱን ብቻ አምኜ ተማሪ አልከስም። ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ቀርቦ ከሚያስረዳበት ቀን በፊት ተማሪውን አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ፦ ይህን የናሙና ዘዴ ለምን መረጥክ? ይህ ሠንጠረዥ ምን ይላል? ጽሑፉ የራሱ የሆነ ተማሪ እየተንተባተበም ቢሆን ይመልሳል። ያልጻፈው ግን የገዛ ምዕራፉን ርእስ እንኳ ማብራራት ያቅተዋል።

«ቢሮ ሄዶ መጠየቅ መምህሩን ማስቸገር ነው»

አይደለም። አክብሮት ከፍርሃት ጋር ተደባልቆ ብዙ ልጆችን ከበሩ መልሷል፤ በተለይ ከትንንሽ ከተሞችና ከገጠር የመጡ ሴት ተማሪዎችን። መምህሩ በሩ ላይ የለጠፈው የምክር ሰዓት የሥራው አካል ነው፤ የሚከፈለውም ለዚያ ጭምር ነው። አንድ ተማሪ ብቻውን መምጣት ከከበደው ከጓደኛው ጋር ይምጣ። ሲመጣ «ምንም አልገባኝም» ከማለት ይልቅ የሞከረበትን ወረቀት ይያዝ፤ የቆመበትን መስመር ካሳየኝ ከዚያው ላይ እንጀምራለን። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት እንደተለጠፈ ያለው ሳምንት ለዚህ ከሁሉም የተሻለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ከነጥቡ አብዛኛው ገና አልተሠራበትም።