መጽሐፍ ቅዱስ በጣና ዳር፦ የሚሰማ፣ የሚደገም፣ የሚታይ ቃል

እግዚአብሔርን በቃሉ መገናኘት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ብቻውን ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ነው። በጣና ዳር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። መጽሐፍ በብራና ይጻፍ ስለነበር ውድ ነው፤ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነው። ሕዝቡ ቃሉን ያገኘው በጆሮውና በዓይኑ፣ ከሌሎች ጋር ቆሞ ነው።

ዛሬም ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ሄዶ የሚያስቀድስ ሰው ይህንኑ ያያል። በቅዳሴ አራት ንባብ አለ። ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከሐዋርያት ሥራ፣ በመጨረሻም ከወንጌል ይነበባል። የዕለቱን ክፍል የሚወስነው ግጻዌ የተባለው የንባብ ሥርዓት መጽሐፍ ነው፤ ካህኑ ደስ ያለውን መርጦ አያነብም። ከወንጌሉ በፊት ዲያቆኑ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ምስባክ ያዜማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ነው። ወንጌል ሲነበብ ሁሉም ይቆማል። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት እንኳ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ ይላሉ። ክርስቶስ ራሱ እየተናገረ ነው ተብሎ ስለሚታመን ቁጭ ብሎ መስማት ነውር ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ዋናው መጽሐፍ ዳዊት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይለማመዳል፤ ዳዊት ላይ ሲደርስ ወላጅ ይደግሳል። 150ው መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳል። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ዘጌ ላይ በገዳም አካባቢ ያረጀ ዳዊት ያየ ሰው ምን ያህል እንደተሠራበት ያውቃል። ጫፉ በጣት ብዛት ጠቁሯል፣ የጧፍ ጠብታ አለበት፤ በቀይ ቀለም የተጻፈው የእግዚአብሔር ስም ግን አሁንም ደምቆ ይታያል። ማኅደሩ ቆዳ ነው፤ በጠፍር ትከሻ ላይ ይነገታል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ግዕዝ የማይሰማ ሰው ዳዊት ቢደግም ምን ይጠቅመዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው ትርጉሙን ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን ደግሟል። ሊቃውንቱ ለዚህ ያላቸው መልስ አንድምታ ነው። በመጻሕፍት ቤት፣ ማለትም የመጻሕፍት ትርጓሜ በሚሰጥበት የአብነት ትምህርት ቤት፣ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል በአማርኛ ይፈታዋል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ፍቺ ያመጣል። ኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ለፊልጶስ የመለሰለትን መልስ የአብነት መምህራን በኩራት ይጠቅሱታል። መጽሐፍ ያለ መምህር አይነበብም ባዮች ናቸው። እኔም ግማሹን እስማማለሁ፤ ግን መምህር ጋ መድረስ ያልቻለው ገበሬ ምን ያድርግ?

እሱን ያሰበው ሠዓሊው ነው። ዘጌ ያለችው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን መካከል ላይ መቅደስ አለ፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ልደቱ፣ ስቅለቱ፣ ትንሣኤው፣ የቅዱሳን ገድል፣ ሰው በላው በላኤ ሰብእ ሳይቀር አለ። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ቱሪስት በጀልባ መጥቶ የቀለሙን ውበት ሲያደንቅ ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ስብከት ነው።

የጣና ደሴቶች የመጽሐፍ ግምጃ ቤትም ናቸው። ክብራን ገብርኤል በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተዘጋጀ፣ የክርስቶስን ሕይወት በሥዕል የሚያሳይ ወንጌል አለው። ደሴቱ ለሴቶች ዝግ ነው፤ ስለዚህ ብዙ እናቶች ገዳሙን የሚያውቁት ከሩቅ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ) ምሁሩ ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንስቷል። ጣና ቂርቆስ ደግሞ ከቅዱስ ያሬድ ጋር ስሙ ይነሳል፤ ዜማው በዚያ እንደተሰማ በትውፊት ይነገራል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች በያሬድ ስም የሚጠሩ ሲሆኑ፣ ከመጽሐፍ የወጣው ቃል ሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረው በአብዛኛው በእነሱ ነው።

ዛሬ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ብዙ ነገር ተለውጧል። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ ገብቷል። በሰንበት ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ ወጣቱ በአማርኛ ያነባል፣ ይጠይቃል። ወንጌላውያን አማኞች በ66ቱ መጻሕፍት በየቤቱ በትንሽ ቡድን ያጠናሉ፤ ኦርቶዶክሱ የሚቀበለው ቀኖና ግን 81 ነው። ጃንደረባውን ሁለቱም ወገን ይጠቅሱታል፤ አንዱ ስለ መምህሩ፣ ሌላው ስለ አንባቢው። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ የዕለቱን ዳዊት የሚያነብ ተሳፋሪ አይጠፋም። አፑ የሰኞውን ለሰኞ፣ የማክሰኞውን ለማክሰኞ እንደ ድሮው ከፋፍሎ ያቀርብለታል።