ከማሰሮው ያልጎደለው ዘይት

ወገኖቼ፣ የሰራፕታዋን መበለት ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ ማሰሮዋ ሞልቶ የፈሰሰ እናስመስለዋለን። ዕቃ ሁሉ እስኪሞላ ዘይት የቀዳችው ግን በነቢዩ ኤልሳዕ ዘመን የነበረችው መበለት ናት (2ኛ ነገ. 4)። ስለ ሰራፕታዋ የተጻፈው ሌላ ነው። በድርቁ ዘመን ነቢዩ ኤልያስ መጥቶ፣ ከቀረቻት ጥቂት ዱቄትና ዘይት አስቀድማ ለእርሱ እንድትጋግር ጠየቃት፤ ዝናብ እስኪዘንብ ሁለቱም እንደማያልቁ የእግዚአብሔርን ቃል ነገራት። እንዳለውም ሆነ። ዱቄቱ አላለቀም፣ ዘይቱም አልጎደለም (1ኛ ነገ. 17፥16)። ሞላ አይልም።

ሰራፕታ በጢሮስና በሲዶና መካከል፣ በዛሬዋ ሊባኖስ ባሕር ዳር ነበረች። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ብዙ የሸክላ መተኮሻ ምድጃዎች ተገኝተውባታል። ማሰሮ የማይቸግርበት ከተማ ነው፤ የጠፋው በውስጡ የሚገባው ነው። አገሩም የእስራኤል ንጉሥ የአክዓብ ሚስት የኤልዛቤል አባት የነገሠበት፣ ዝናብ ይሰጣል የሚባለው በኣል የሚመለክበት ነው። በኣል በገዛ አገሩ ለአንዲት መበለት እንኳ አልደረሰላትም።

እስቲ ሴትየዋን አስቧት። ጠዋት ተነሥታ ማሰሮዋን ታዘነብላለች። ዘይቱ ዱቄቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ለዕለቱ እንጎቻ ይበቃል። ለነገ የሚሆን የተረፈ ነገር አታይም። ነገም ያንኑ ማሰሮ ማዘንበል አለባት። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። እኛ የዓመት ስንቅ ቆጥረን ካልያዝን እንቅልፍ አይወስደንም። እርሷ የያዘችው ቃሉን ብቻ ነው። ለእኔ ከሚሞላ ማሰሮ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

«አስቀድመሽ ለእኔ» የሚለውን የኤልያስን ቃል እየጠቀሱ የድሃ እናት መቀነት የሚያስፈቱ አሉ። በጣም ያሳዝነኛል። ኤልያስ እኮ ተቀብሎ ውልቅ አላለም! እዚያው ተቀመጠ። እርሷና ልጇ ከሚበሉት በላ። ዘይቱ ቢያልቅ አብሮ ነው የሚራበው።

ከዚያ ደግሞ ልጇ ታሞ ሞተ። ዱቄቱም ዘይቱም እያለ ማለት ነው። ኤልያስን በምሬት ተናገረችው፤ ኃጢአቴን ልታሳስብ፣ ልጄንም ልትገድል መጣህብኝ አለችው። ኤልያስ አልተቆጣትም። እምነትሽ ጎደለ አላላትም። ልጁን ከብብቷ ወስዶ ወደሚያድርበት ሰገነት አወጣው፣ በራሱም አልጋ ላይ አስተኛው። ሦስት ጊዜ በላዩ ተዘርግቶ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። እግዚአብሔርም ሰማው፤ ልጁ ዳነ፣ ኤልያስም አውርዶ ለእናቱ ሰጣት።