የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞችና የመቀናጀት ጥያቄ

ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሰንዳፋ፣ ገላን፣ ዱከምና ሆለታ አዲስ አበባን ዙሪያዋን ከበው የሚገኙ የኦሮሚያ ከተሞች ናቸው። መዲናዋ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚመጣው ከዚሁ አካባቢ፣ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ነው። ይህ ውለታ ሲነገር ብዙም አይሰማም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49(5) ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳላት ደነገገ። ዝርዝሩን ለሌላ ሕግ ተወው። በ2000 ዓ.ም ከተሞቹ በአንድ ልዩ ዞን ሥር ሆኑ።

ነገሩ የከረረው በ2006 ነው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ፕላን የሚያስተሳስረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሆነ። ባለሥልጣናቱ መንገዱም ፍሳሹም ቆሻሻውም አብሮ ይታቀድ አሉ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ገበሬው ግን ከፕላኑ በፊት ካሳን ያውቅ ነበር። በጊዜው በነበረው አዋጅ 455/1997 መሠረት በቋሚነት ከመሬቱ የሚነሳ ገበሬ የሚያገኘው የዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ዋጋ አይወጣለትም። ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ሲሸጥ ግን ዋጋው ሰማይ ይነካል። ካሳው ተበልቶ ሲያልቅ ልጁ በገዛ ቀዬው ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል። ጥርጣሬው የበቀለው እዚህ ላይ ነው።

ሚያዝያ 2006 በአምቦና በሌሎች ከተሞች ተማሪዎች ፕላኑን ተቃውመው ወጡ። ኅዳር 2008 ተቃውሞው ከጊንጪ ተነስቶ ኦሮሚያን አዳረሰ። የሟቾቹ ቁጥር ያከራክራል፦ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሰኔ 2008 ላይ 173 ሲል፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ400 በላይ ብሏል። የተቃዋሚው ፓርቲ የኦፌኮ መሪ በቀለ ገርባ ታኅሣሥ ላይ ታሰሩ። ጥር 2008 ኦሮሚያን ያስተዳድር የነበረው ፓርቲ ኦህዴድ ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ።

የሰንዳፋው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከነባሩ መጣያ ከቆሼ ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደረገ። ነዋሪው ሽታውንና ለከብቶቹ የሚያሰጋውን ፍሳሽ ተቃወመ፤ ቦታው በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2፣ 2009 የቆሼው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ሰንዳፋን ጥፋተኛ ማድረግ ግን ልክ አይደለም፤ ቀድሞ ያማከረው ሰው አልነበረም።

ሕዝበኛው ፖለቲካ ከዚህ በኋላ ገነነ። የካቲት 2011 በከተማዋ ዳርቻ ያለውን ኮዬ ፈጬን ጨምሮ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ የኦሮሞ ወጣቶች «ፊንፊኔ ኬኛ» (አዲስ አበባ የእኛ ናት) እያሉ ወጡ። ለዓመታት የቆጠበው ዕጣ የደረሰውም ግራ ገባው። መጋቢት ላይ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ የባለአደራ ምክር ቤትን አቋቋመ፤ ቆይቶም ባልደራስ ፓርቲ ሆነ። በ2013ቱ ምርጫ ግን አንድም የፓርላማ ወንበር አላገኘም። ሁለቱም ወገን የከተማዋን ባለቤትነት በአንድ መፈክር ጠቀለለው። የገበሬው ካሳ ጉዳይ ከመድረኩ ወረደ።

ነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ተስማሙ። በ2015 ኦሮሚያ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ገላንንና ለገጣፎ ለገዳዲን አዋሕዳ በ12 ክፍለ ከተማና በ36 ወረዳ የተዋቀረችውን ሸገር ከተማን መሠረተች። አሁን የሚያቀናጀው ሌላ አካል ነው፤ ሕዝቡ ግን አሁንም ሳይጠየቅ ውሳኔው መጣበት። በዚያው ዓመት የቤቶች ፈረሳ ተጀመረ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሰብአዊ መብትን የሚጥስ ነው አለ።