ንጽጽራዊ ሕግ ምንድን ነው? «አሜሪካ ቢሆን ኖሮ» ማለት አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተንታኝ «አሜሪካ ቢሆን ፖሊስ መብትህን ካልነገረህ ክሱ ውድቅ ነው፤ እኛ ጋ ግን ይህ መብት የለም» ሲል ሰማሁ። ይህንንም ንጽጽራዊ ሕግ ብሎ ጠራው። ስለ አሜሪካም ተሳስቷል፣ ስለ እኛም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚራንዳ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ የወሰነው ሌላ ነው። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብትን የመሰሉ መብቶቹ ሳይነገሩት ከተመረመረ፣ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንበትም። የሚወድቀው ቃሉ እንጂ ክሱ አይደለም። ሚራንዳ ራሱ በዓመቱ እንደገና ለፍርድ ቀርቦ፣ ያ ቃል ሳይቀርብበት ጥፋተኛ ተብሏል። (ቃሉም ጨርሶ አይጣልም። ተከሳሹ ችሎት ላይ ሌላ ነገር ከተናገረ ማጋጫ ሊሆን ይችላል።)

ንጽጽራዊ ሕግ አንድ ችግር ይዞ፣ ይህ አገር በምን ይፈታዋል፣ ያኛውስ ብሎ መጠየቅ ነው። አንቀጽ ለብቻው እንደ ፍሬን ሸራ ነው። ሶማሌ ተራ ሄደህ የአይሱዙ ሸራ ለቪትዝ አትገዛም። ልኩ ቢገጥም እንኳ ፔዳሉ አለ፣ ዘይቱ አለ፣ ሾፌሩ አለ። ሸራ ከሸራ አጋጥሞ «የእነሱ ይወፍራል» ማለት መኪናው በምን እንደሚቆም አይነግርህም።

እንግሊዝን እንይ። (ስኮትላንድን አልጨመርኩም፤ የራሷ ሕግ አላት።) እዚያም ዝም የማለት መብት አለ። ግን እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ፣ ለፖሊስ ያልነገርከውን ነገር ችሎት ላይ መከላከያ አድርገህ ብታመጣ ጁሪው (ጥፋተኛ ነህ አይደለህም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች) ዝምታህን ሊቆጥርብህ ይችላል። ጨካኝ ይመስላል አይደል? ጣቢያ ሳለህ ጠበቃ የማማከር ዕድል ካልተሰጠህ ግን አይቆጠርብህም። ጠበቃው ደግሞ በነፃ ነው። ይህን ትተህ አንቀጹን ብቻ ብታመጣው ፔዳል የሌለው ፍሬን አመጣህ ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ። መብቱ አለ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተቀምጧል፦ ያለመናገር መብት፣ የሰጡት ቃል ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል የማወቅ መብት። ተገድዶ የተሰጠ ቃልም ተቀባይነት የለውም ይላል። ሳይገደድ፣ ግን መብቱ ሳይነገረው የተናገረ ሰውስ? ለዚህኛው አንቀጹ ውጤቱን በግልጽ አላስቀመጠም። አሜሪካ በመርህ ደረጃ ቃሉን ታስቀራለች። እንግሊዝ ፍርዱን ኢፍትሐዊ ያደርገዋል ወይ የሚለውን ዳኛው እንዲመዝን ትተዋለች። ተንታኙ መከራከር ከፈለገ እዚህ ላይ ይምጣ።