የካርቦን ነጥቦች ብርሃን «ደበዘዘ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የብርቱካን ልጣጭ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ከውኃ ጋር እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለሰዓታት ሲሞቅ፣ ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ናኖሜትር የማይበልጥ፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ «የካርቦን ነጥቦች» የሚባሉትም እነዚህ ናቸው። ቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ሲጨመርባቸው ብርሃናቸው ይደበዝዛል፤ የመደብዘዙ ልክም የመድኃኒቱን መጠን ለመገመት ያገለግላል።

አሳሳቹ ነገር ግን፣ ደበዘዘ ማለት ሁልጊዜ መድኃኒቱ ከቅንጣቱ ጋር ተጣመረ ማለት አለመሆኑ ነው። ቴትራሳይክሊን ራሱ የሞገድ ርዝመቱ 360 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚመጥ፣ ቅንጣቱ ምንም ሳይነካ እንዲያበራ የሚያደርገው ጨረር ብቻ ሊጎድልበት ይችላል (መስኮቱ ላይ መጋረጃ እንደ መጋረድ ነው)፤ ይህም «የውስጥ ማጣሪያ ውጤት» ይባላል። በመሆኑም ያንኑ ጨረር የሚመጥ ሌላ ንጥረ ነገር በናሙናው ውስጥ ካለ፣ መድኃኒቱ ሳይኖር እንኳ ያለ ሊመስል ይችላል።