ቫይረስ መርጨት ምንድን ነው? የኮሮና ታማሚ ስንት ቀን ነው የሚያስተላልፈው?

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ ጠዋት ጠዋት ቡና አፍልተው የሚሸጡ አንዲት ጎረቤት አሉን። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኮሮና ያዛቸው። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቃቸው። ሳሉም ሳምንት አልሞላም። ለይቶ ማከሚያ ውስጥ ግን 26 ቀን ተቀመጡ። ምርመራው በተደገመ ቁጥር «ፖዘቲቭ» እያለ ነው ያስቀራቸው።

ሲወጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቃቸው። ጀበናቸውን መልሰው ጣዱ፣ የሚጠጣ ሰው ግን ጠፋ። እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ በኩል እንዳያልፉ ከለከሉ። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል በሌላ መንገድ ነበር የምሄደው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ አንድ ነገር በደንብ ገብቶን ቢሆን ኖሮ እሳቸውም ያን ያህል ባልተቀመጡ፣ እኛም ባልሸሸናቸው ነበር።

ያ ነገር ቫይረስ መርጨት ይባላል። ሐኪሞች ቫይራል ሸዲንግ ይሉታል። ቫይረስ ብቻውን መራባት አይችልም። ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ሴሎቻችንን የራሱ ፋብሪካ ያደርጋቸዋል። ሴሎቹ አዳዲስ ቫይረሶችን ያመርታሉ፣ የተመረቱትም ወደ ውጭ ይወጣሉ። በኮሮና ጊዜ የሚወጡት በአብዛኛው በትንፋሽ፣ በምራቅ፣ በንፍጥና በአክታ ነው። አንድ በሽተኛ ቫይረሱን ከሰውነቱ የሚያስወጣበት ጊዜ እንግዲህ የመርጨት ጊዜው ነው።

እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው «ስንት ቀን ይረጫል?» ብለን ስንጠይቅ ነው። በዚህች አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው፣ የቫይረሱ ርዝራዥ አፍንጫ ውስጥ ስንት ቀን ይገኛል? ሁለተኛው፣ ሰው ሊይዝ የሚችል፣ ሕይወት ያለው ቫይረስ ስንት ቀን ይወጣል? የሁለቱ መልስ በጣም ይራራቃል። እትዬን ያስቀመጣቸው የመጀመሪያው መልስ ነው። እኛን ማሳሰብ የነበረበት ግን ሁለተኛው ነው።

በአፍንጫ እንጨት እያስገቡ የሚወስዱት ናሙና የሚመረመረው ፒሲአር በሚባል ዘዴ ነው። ማሽኑ የሚፈልገው የቫይረሱን አር ኤን ኤ፣ ማለትም የዘር መልእክቱን ቁራጭ ነው። ቁራጯ ትንሽ ስለሆነች በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛታል። አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ፒሲአር እጅግ በጣም ጥቂት ነገር እንኳን አያመልጠውም። ጎበዝ መርማሪ ነው። ግን ያገኘው ቁራጭ ከሕያው ቫይረስ ይሁን ከሞተ ቫይረስ ፍርስራሽ መለየት አይችልም።

ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ የሄደ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አራግፈው፣ ገፈው፣ ሸጠው ይሄዳሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ሆድ ዕቃውን ለቅመው ይበተናሉ። ከሰዓት ብትመጡ ግን መሬቱ ላይ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ቅርፊቱ እዚህ ዓሣ እንደነበረ ይመሰክራል። አሁን የሚዋኝ ዓሣ አለ ማለት ግን አይደለም። ፒሲአር ቅርፊት ነው የሚቆጥረው።

ሕያው ቫይረስ መኖሩን ለማወቅ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ናሙናውን ላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ ሴሎች ላይ ያደርጉና ይጠብቃሉ። ቫይረሱ ሴሎቹን ከያዘና ከተራባ ሕያው ነበር ማለት ነው። ይህ ቀናት ይፈጃል፣ በጣም የተጠበቀ ላቦራቶሪም ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ በሽተኛ የሚሠራ ነገር አይደለም። ለምርምር ግን ተሠርቷል፣ ውጤቱም ብዙ ነገር ለውጧል።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በጀርመን ሙኒክ የታከሙ ዘጠኝ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ሕመማቸው ቀለል ያለ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከጉሮሯቸውና ከአክታቸው ሕያው ቫይረስ ተገኘ። ምልክት ከጀመራቸው ከስምንተኛው ቀን በኋላ ግን፣ አር ኤን ኤው ገና በብዛት እየታየ፣ ሕያው ቫይረስ ማግኘት አልተቻለም። በተመሳሳይ ወቅት ከዉሃን የወጣ ጥናት ደግሞ ሆስፒታል የተኙ 191 ሰዎችን ተከትሎ ነበር። ከዳኑት ውስጥ ቫይረሱ የታየባቸው መካከለኛ ጊዜ 20 ቀን፣ ረጅሙ 37 ቀን ሆነ። ይህ ቁጥር ዓለምን አስደነገጠ። ሰው 37 ቀን ያስተላልፋል ማለት ነው ተብሎ ተወራ። የዉሃኑ ጥናት የለካው ግን አር ኤን ኤውን ነው። ሁለቱ ጥናቶች አልተጣሉም፣ የለኩት ነገር ነው የተለያየው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ሥራ ወጣ። የላይኛው የመተንፈሻ አካል ላይ አር ኤን ኤ በአማካይ 17 ቀን ይቆያል፣ እስከ 83 ቀን የታየበትም ሰው ነበር። ከዘጠነኛው የሕመም ቀን በኋላ ሕያው ቫይረስ ያገኘ ጥናት ግን ከተጠናቀሩት መካከል አልነበረም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ 83 እና 9።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ግን መጨረሻው ሳይሆን መጀመሪያው ነው። መርጨት የሚጀምረው ሳል ሳይመጣ ነው። ሰውዬው ጤነኛ መስሎት፣ ምልክቱ ሊታይበት ሁለት ቀን ያህል ሲቀረው ማስተላለፍ ይጀምራል። ቫይረሱ በጣም የሚበዛውም ምልክቱ በሚጀምርበት ቀን ግድም ነው። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት የኮሮናን ታላቅ ወንድም ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሳርስ የሚባል በሽታ ተነስቶ ነበር። እሱም ከዚሁ ከኮሮና ቤተሰብ ነው። ገዳይነቱ ከኮቪድ ይብሳል፤ 8 ሺህ ያህል ሰው ይዞ 774 ገድሏል። ግን በወራት ውስጥ ተገታ። አንዱ ምክንያት በሳርስ ጊዜ ቫይረሱ የሚበዛው በሁለተኛው የሕመም ሳምንት መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ በሽተኛው ወድቋል፣ ሆስፒታል ገብቷል፣ ማን እንደታመመም ታውቋል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ሰው ለይቶ ማስቀመጥ በቂ ሆነ። ኮቪድ ግን አልጋ ላይ ከመጣሉ በፊት ገበያ ያስኬዳል፣ ባጃጅ ያሳፍራል፣ ለቅሶ ያስደርሳል። ያኔ በየመግቢያው ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ሙቀት መለኪያ ብቻውን ያልበቃው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ ያወጣው መመሪያ በሽተኛው እንዲወጣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ኔጌቲቭ መሆን አለበት የሚል ነበር። በግንቦት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ይህንን ቀየረው። ምልክት ያለበት ሰው ምልክቱ ከጀመረ 10 ቀን፣ በተጨማሪም ቢያንስ 3 ቀን ያለ ምልክት ካሳለፈ፣ ያለ ድጋሚ ምርመራ ሊወጣ ይችላል ተባለ። ምልክት የሌለው ሰው ደግሞ ከተመረመረ 10 ቀን ይበቃዋል። እትዬ የነበሩበት ቦታ ግን ገና በድሮው ነበር የሚሠራው። አንድ ሰው በቅርፊት ምክንያት ለሳምንታት አልጋ ሲይዝ፣ ሌላ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ውጭ ይጠብቃል። የመመርመሪያ ኪት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ስለ «ድጋሚ ፖዘቲቭ» ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ድነው የወጡ ሰዎች እንደገና ፖዘቲቭ ሲሆኑ በሽታው ተነሳባቸው ተብሎ ትልቅ ፍርሃት ሆነ። የአገሪቱ ጤና ባለሥልጣናት 285 ሰዎችንና ከእነሱ ጋር የተገናኙ 790 ሰዎችን ተከታተሉ። ከእነዚህ ሰዎች የተላለፈ አዲስ ሕመም አላገኙም።

ሁሉም ሰው ግን በ10 ቀን አይጨርስም። በጠና የታመመ ሰው ይቆያል። በሆላንድ ሆስፒታል በተኙ 129 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ሕያው ቫይረስ እስከ 20ኛው ቀን ድረስ የተገኘበት ነበር። የሰውነት መከላከያቸው በጣም የተዳከመ ሰዎች ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ። የደም ካንሰር የነበረባቸው አንዲት አሜሪካዊት ከተመረመሩ ከ70 ቀን በኋላም ሕያው ቫይረስ ሲረጩ ተገኝተዋል፣ ያውም ምንም የኮቪድ ምልክት ሳይኖርባቸው። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ኤች አይ ቪው በመድኃኒት ያልተገታ አንዲት የ36 ዓመት ሴት ቫይረሱን 216 ቀን ተሸክማለች፣ በዚያ ጊዜም ውስጥ ቫይረሱ ከ30 በላይ ለውጥ አድርጓል። ስለዚህ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ኩላሊት የተቀየረለት ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ያቋረጠ ዘመድ ካላችሁ የ10 ቀኗን ሕግ ብቻ አትከተሉ። ሐኪሙን ጠይቁ። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ግን ከዚህ ታሪክ ጋር አይነካካም፣ እባካችሁ አታስደንግጡት።

ኦሚክሮን የሚባለው የቫይረሱ ዝርያ ከመጣ ወዲህ በሽታው ቶሎ ነው የሚታየው፤ ከተያዙ በሦስት ቀን ገደማ። የሚረጭበት ጊዜ አጠቃላይ መልክ ግን ብዙም አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ምልክት ላለበት 10 ቀኑን እንዳለ ትቶ፣ ለሌለበት ወደ 5 ቀን ዝቅ አደረገው። የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣኑ የአንቲጅን ምርመራ ካለ ኔጌቲቭ ያለው ሰው ቀደም ብሎ መውጣት ይችላል። አንቲጅን ምርመራ እንደ ፒሲአር ስለማያባዛ፣ ቫይረሱ በብዛት ሲኖር ነው በአብዛኛው የሚያሳየው። «ገና ያስተላልፋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ደካማነቱ ራሱ ይጠቅማል።

ዛሬ ማንም ተመርመር አይለንም። ጉንፋን የመሰለ ነገር ሲጀምራችሁ ግን ያቺን ቀን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። በተለይ እስከ አምስት ያለውን ቀን ከአያት፣ ከነፍሰ ጡርና ከበሽተኛ ራቅ በሉ። እስከ አሥር ድረስ ሰው ፊት ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ባጃጅ ውስጥ ዝናብ መጥቶ ሸራው ከወረደ ማስኩ አይውለቅ።

በቅርቡ ከእትዬ ጋር ቀኑን አብረን ቆጠርን። ሳሉ የጀመራቸው ሰኞ ነው። እኔ የሸሸኋቸው ከ26 ቀን በኋላ፣ ንጹሕ ሆነው ሲመጡ ነበር። ከዚያች ሰኞ በፊት ያለው እሑድ ጠዋት ግን እሳቸው ጋ ቁጭ ብለን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተናል። «ያን ቀን ማንም አልሸሸኝም» አሉኝ፣ ስኒውን እያቀበሉኝ።