የመድረክ ጦር መሣሪያ አያያዝ በጎጃም

የመድረክ ጦር መሣሪያ የሚባለው ለትያትር የሚያገለግል ጎራዴ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ ሽጉጥና ጠመንጃ ነው። ከእንጨት፣ ከጎማ ወይም ስለት ከሌለው ብረት ይሠራል። ጎጃም ውስጥ የአርበኞችን ዘመን ያነሳ ትያትር ሁሉ ይፈልገዋል። ስለ በላይ ዘለቀ እየተተወነ ጠመንጃ ባይታይ ተመልካቹ ዝም ብሎ አይወጣም።

ችግሩም ከዚሁ ይነሳል። እውነተኛው መሣሪያ ከብዙ ቤት አይጠፋም። «የአያቴን ምንሽር ላምጣው፣ ያምርበታል» የሚል ተማሪ ይኖራል። መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። ባዶ ነው ቢባልም አይሆንም። የፈቃዱ ጉዳይ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚታይ ነው። ከሕጉ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ልማዱ ነው። ቃታ እየሳበ ሲለማመድ የከረመ ተዋናይ ጠመንጃ መፍራት ይተዋል።

አረር የሌለው ጥይትም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ጆን ኤሪክ ሄክሰም የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ ቀረጻ ላይ ሳለ እንዲህ ያለ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ለቀልድ ጭንቅላቱ ላይ ደግኖ ተኮሰ። የባሩዱ ግፊት የራስ ቅሉን ሰበረው፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1993 ተዋናዩን ብራንደን ሊን የገደለው ደግሞ ሽጉጡ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ አረር ነው። ከኋላው የተተኮሰው አረር አልባ ጥይት ገፍቶ አወጣው። ለትያትር ትምህርት ክፍል የተኩሱን ድምፅ በስፒከር መልቀቅ ይበቃል።

ማስቀመጫው የሚቆለፍ የብረት ቁም ሳጥን ነው። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ይሆናል፣ ወጪና ገቢው ይመዘገባል። በትያትሩ ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይነጠፋል። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርፅ ዙሪያውን ይሰመርበታል። ባዶ ቅርፅ ከታየ አንዱ አልተመለሰም ማለት ነው። ይቺ ዘዴ ሳንቲም አታስወጣም፣ ግን ከረጅም መመሪያ ትበልጣለች።

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ናት፣ ክረምቱም ዝናባም ነው። ብረት ቶሎ ይዝጋል፤ የእጅ ላብ ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ጎራዴ ከልምምድ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይወለወልና የስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርጎ ይቀባል። አፎቱ ውስጥ እንዳለ ማክረም አይገባም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል። የቆዳ ጋሻ ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያገኝበት ይሰቀላል። አይጥ ካገኘው አይምረውም።

ብረት ከብረት ሲጋጭ ጠርዙ ይሸራረፋል። ለማወቅ ጥጥ በጠርዙ ላይ ይሳባል። ጥጡ ከተያዘ እዚያ ቦታ ላይ ሥጋ የሚቀድ ሹል አለ፤ በሞረድ ይስተካከላል። እጀታው ሲነቀነቅ ድምፅ ካሰማ ጎራዴው ከመድረክ ይወጣል፤ ካልተጠገነም አይመለስም።

መሣሪያው ከግቢ ሲወጣ ነገሩ ይጠነክራል። የእንጨት ጠመንጃ ከሩቅ ማን ይለየዋል? ባጃጅ ላይ ጫፉ ወጥቶ እንዲታይ አይጫንም። ተሸፍኖ፣ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጋር ይሄዳል። ፖሊስም አስቀድሞ እንዲያውቀው ይደረጋል።